ዋስ

እኔ ያልኩት ሁሉ ወዲያ ማዶ ይሰማል፤
ወዲያ የሚባለው ወደ እኔ አይመጣም፤ ስልኬ እንዲህ ታሟል።
ልጄ ዘቢባ ከሚዛን ስትደውል ስሟ ብልጭ ይላል፣
«ሄሎ» እላለሁ፣
ከ«ሄሎ» ወዲያ ያለው ዓለም ሁሉ ጭጭ ይላል።
«ላውድ አድርገው» አሉኝ። ላውዱም ያው ነው።

ሦስት ወር አልሞላው ከገዛሁት ገና፤
ናስሩ ሲሸጥልኝ፣ «ይኸው፣ አባ ፊጣ፣ የአንድ ዓመት ዋስትና»
ብሎ ማኅተም መታ፣ ካርዱን በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠኝና፣
እኔም እንደ ክታብ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት፤
ዋስ አገኘሁ ብዬ ለጎረቤት ሁሉ እያወጣሁ አሳየሁት።

ሰኞ ሄድኩ። ናስሩ አጠፋ፣ አበራ፣ እፍ አለበት፣
«ቀላል ናት፣ ሐሙስ ብቅ በል» አለኝ፤
ሐሙስ ብቅ ስል ሱቁ ቁልፍ ነው፣ ደጁን ድመት ተኝታበት።
በሌላው ሐሙስ፣ «እኛ ሻጭ ነን እንጂ ጠጋኝ አይደለንም፤
ወኪሉ ፈረንጅ አራዳ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ ግን አይሠራም።»

ወጣሁት፣ ጉልበቴን እየለመንኩ።
ፍሬሰንበት ይባላል ልጁ፣ ስሙ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤
ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል «ችግሩ ምንድነው?» ይላል።
«አይሰማም» አልኩት።
«አቤት?»
«አይሰማም!»
«አቤት?»
ከኋላዬ የተሰለፈች ሴት ሳቋን በሻሿ አፈነች።
እኔ አልሳቅሁም።

«አዲስ አበባ ይላካል፤ ሃያ አንድ የሥራ ቀን።»
የሥራ ቀን ማለት እኔ ሥራ የምፈታበት ቀን
መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።
በርጩማ ጠራቢ ነኝ፣ ባለ ሦስት እግሩን፤
ደንበኛ የሚያዘኝ በስልክ ነው።
የአጋሮ ሰርገኞች አሥራ ሁለት ፈልገው፣ ደውለው ደውለው፣
ከሌላ ገዙ አሉ፣ የኔን ዝግ ሲሆን ትተው።

በሠላሳ አራተኛው ቀን መጣ፤ ያው ድዳ።
«ውሃ ገብቶታል፤ ዋስትናው አይሸፍንም፤ ይፈርሙ።»

ልጄ፣ ይህ እኮ ጅማ ነው!
ክረምት ሲገባ ውሃ ያልገባው ማነው?
ግድግዳዬ ገብቶታል፣ ጨዌ ሟሙቷል፣ ክብሪቴ እምቢ ብሏል፤
ካርዱ ላይ ያለው የራሳችሁ ማኅተም
ውሃ ገብቶት ደብዝዟል።

በኛ ሰፈር ዋስ ማለት እግር ያለው ሰው ነው፣
ተበዳሪ ሲጠፋ በሌሊት በሩ የሚንኳኳው፣
ሲያፍር የሚያፍርበት ፊት ያለው።
የኔው ዋስ ወረቀት ሆኖ፣ ጀርባውን ሳገላብጠው
ጉንዳን የሚያህል ፊደል፤
ቃሉን ሁሉ አንድ በአንድ ተሸክሞ ወደ ጉድጓዱ ያስገባል።

ልጮህበት ወደ ናስሩ ወረድኩ።
አፌን ስከፍት ከሥሩ በርጩማው ተንገዳገደ።
ባለ ሦስት እግር አይንገዳገድም፣ ካልታመመ።
ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ዋንዛ ነው፣ አንድ እግሩ ተሰንጥቋል፤
ከሆዱ ሥር የመጥረቢያዬ ጥርስ፣ የኔው እጅ፣ ይታያል።
ደረሰኝ አልጠየቅሁትም።
ዝናብ ላይ እንዳሳደረው ከእንጨቱ ጥቁረት ገብቶኛል፣ እሱንም አላነሳሁም።
ነጥቄ በብብቴ ይዤ ወጣሁ፤
ለቅዳሜ በእንጨት ችንካር ሰፍቼ፣ በሰም አሽቼ አመጣሁ።

ናስሩ በርጩማውን አየ፣ ስልኬን አየ፣
«ሻይ ልዘዝልህ?» አለ።
«ሻዩን ዋስትናው ይሸፍነዋል?» አልኩት።
ተቀመጠ። አልተንገዳገደም።

ማታ ስሟ ብልጭ አለ።
«ሄሎ፣ ዘቢባ» አልኩ። ጭጭ።
እዚያ ማዶ ስታወራ ይታወቀኛል፤
ትንፋሽ የሚያህል ቦታ እየለቀቅሁላት
በየመሀሉ «እሺ» እላለሁ፣ «አሃ» እላለሁ።
ጠይቃኝ ይሁን፣ ነግራኝ ይሁን፣ ስቃ ይሁን፣
አላህ ይወቅ፤
ለሁሉም «ደህና ነኝ» አልኳት።
ጣሪያውን ዝናብ ይቀጠቅጠዋል፤
እሱን እሷም ሳትሰማው አትቀርም።